የጦርነት ጊዜ ካርቱን፦ መንግሥታት ይህን ያህል ለሚዘገይ ሥራ ለምን ገንዘብ አፈሰሱ?

ጠመኔ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለተሠሩ የፕሮፓጋንዳ ካርቱኖች የ90 ደቂቃ ማሳያና ገለጻ እያሰናዳሁ ነው። ፊልሞቹን ማግኘት አልቸገረኝም፤ የቸገረኝ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ የሰባት ደቂቃ ካርቱን ወራት ይፈጃል፤ ጦርነት ግን በሳምንት ውስጥ መልኩን ይለውጣል። ካሜራ ይዞ ግንባር መሄድ እየተቻለ ሥዕል ለምን አስፈለገ? ሁለተኛ፦ ሁሉንም «ፕሮፓጋንዳ» ብዬ አንድ ከረጢት ውስጥ ብከታቸው ስሕተት ይመስለኛል። በምን ልለያቸው? ሦስተኛ፦ አንድ ፊልም ላይ ቆም ብዬ በዝርዝር ላሳይ ብል የቱን ትመርጡልኛላችሁ? የአሜሪካ ብቻ እንዳይሆንብኝም እፈልጋለሁ።

እንዳንምታታ ዓመቱን ሁሉ በእ.ኤ.አ. እንጻፍ።

ባለ እርሳስ መለሰች፦

ከሒሳቡ ብንነሳ ብዙው ነገር ራሱ ይፈታል።

ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (አንድ አንድ የቆመ ምስል) ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንድ ጫማ 16 ፍሬም ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ደቂቃ 1,440 ፍሬም ወይም 90 ጫማ ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ፍሬም እያነሱ ቢቆጥቡ እንኳ ለአንድ ገጸ ባሕርይ በደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። በዘመኑ የሆሊውድ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ የሠለጠነ አኒሜተር በሳምንት የሚጨርሰው ከ20 እስከ 25 ጫማ ገደማ ነበር፤ 25 ጫማ 17 ሰከንድ አይሞላም። የስድስት ደቂቃ ካርቱን 540 ጫማ ነውና አራት አኒሜተር ብታሰልፍ ዋናው ሥዕል ብቻ ከአምስት ሳምንት በላይ ይበላል። ከዚያ በፊት ታሪኩን ማውጣትና ድምፁን መቅዳት አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሥዕሉ በግልጽ ሴሉሎይድ ላይ በቀለም እስክሪብቶ ይገለበጣል፣ ከጀርባው ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም አንድ በአንድ ካሜራ ሥር ይገባል። ባለ ቀለም ከሆነ በቴክኒከለር አሠራር እያንዳንዱ ፍሬም በሦስት የቀለም ማጣሪያ ሦስት ጊዜ ይነሳል። የስድስት ደቂቃው 8,640 ፍሬም 25,920 ጊዜ ይነሳል ማለት ነው።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ አንድ ነው፦ ካርቱን ዜና መሸከም አይችልም። ይህን ከማንም በፊት የተማረው አሜሪካዊው ካርቱን ሠሪ ዊንዘር ማኬይ ነው። ሉሲታኒያ የተባለችው መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ የሰጠመችው ሜይ 7 ቀን 1915 ሲሆን 1,198 ሰው አልቋል። ስትሰጥም የቀረጻት ካሜራ ስላልነበረ ማኬይ «የዓይን ምስክር» የሆነ ፊልም በእጁ ሊሥል ተነሳ። 25,000 ያህል ሥዕል ወጣው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ፊልም ለሕዝብ የቀረበው በጁላይ 1918 ነው፤ ጦርነቱ ሊያበቃ አራት ወር ሲቀረው፣ አሜሪካም ጦርነቱ ውስጥ ከገባች ዓመት ካለፋት በኋላ። ጭሱና ማዕበሉ ዛሬም ያስደንቃል። ግን «ጦርነት ግቡ» ለማለት የተነሳ ሥራ ከነገሩ በኋላ ደረሰ።

በሁለተኛው ጦርነት የተሻለ የሠሩት እንግዲህ የማያረጅ ጉዳይ የመረጡት ናቸው፦ ግብር፣ ቁጠባ፣ ወባ፣ የመሣሪያ አፈታት፣ አፍን መዝጋት። የጃንዋሪ 1942ቱ «ዘ ኒው ስፒሪት» ጥሩ ምሳሌ ነው። የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስትር ሄንሪ ሞርገንታው የገቢ ግብር ከፍሎ የማያውቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በማርች 15 እንዲከፍል ማስተማር ነበረበት። ዲዝኒ ዶናልድ ዳክን ሲያቀርብለት መጀመሪያ አልተደሰተም፤ የፈለገው አንድ «አማካይ ግብር ከፋይ» የሚባል አዲስ ሰው ነበር። በፊልሙ ዶናልድ ቀለም፣ እስክሪብቶና የራስ ምታት መድኃኒት ደርድሮ ቁጭ ይላል፤ ቅጹ ግን አጭር ሆኖ ያገኘዋል። ሥራ፦ ተዋናይ። ገቢ፦ 2,501 ዶላር። ጥገኞች፦ ሦስቱ የእህቱ ልጆች። ግብር፦ 13 ዶላር። ይህን እያየ የተቀመጠ ሰው ቅጹን ራሱ መሙላት ተማረ ማለት ነው። ከዚያ ፊልሙ ፊቱን ለውጦ ፋብሪካ፣ መድፍ፣ እየሰጠመ የሚሄድ የጠላት መርከብ ያሳያል። ኮንግረሱ ለዚህ የተጠየቀውን 80,000 ዶላር አልፈቅድም ብሎ ብዙ ተነታርኳል።

ወራቱን ለማሳጠር የተጠቀሙበትን ዘዴ ደግሞ ማሳያህ ላይ ሳታነሳው አትለፍ፦ አሮጌ ሥዕል እንደገና መጠቀም። በ1941 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ከዲዝኒ የቁጠባ ፊልሞች ሲያዝ «ዘ ትሪፍቲ ፒግ» የተሠራው በ1933ቱ የሦስቱ አሳማዎች ካርቱን ላይ ነው። ተኩላው ላይ የናዚ ምልክት ተደረገበት፤ የጡብ ቤቱ ጡቦች የጦርነት ቁጠባ ሰርተፊኬት ሆኑ። ሰባቱ ድንኮችም ከ1937ቱ የስኖው ዋይት ፊልም ወጥተው ሰርተፊኬት ሊገዙ ተሰለፉ። አዲስ የተሣለው ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርገህ ብታጫውት ገለጻ ሳያስፈልግ ታዳሚው ራሱ ያየዋል።

የዲዝኒ ስቱዲዮ ከጦርነቱ በፊት በዓመት ያወጣው ከፍተኛው ምርት 37,000 ጫማ ነበር፤ በ1942–43 የበጀት ዓመት 204,000 ጫማ ደረሰ፣ አብዛኛው ለመንግሥት። በሰዓት ስንመነዝረው ከሰባት ሰዓት በታች የነበረው ወደ 38 ሰዓት ገደማ አሻቀበ ማለት ነው። ሠዓሊው አምስት እጥፍ ፈጥኖ አይደለም። ገጸ ባሕርይ የሌለው፣ ካርታና ቀስት፣ የቆመ ሥዕል ላይ የሚንሸራተት ካሜራ በብዛት ስለገባ ነው።

አጎበር መለሰ፦

ባለ እርሳስ ያለችውን ሳልደግም ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ። ፊልሞቹን ለመለየት «ማን ከፈለ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይረዳም፤ ሁሉም ጋ መንግሥት ይመጣብሃል። «ማን እንዲያየው ተሠራ?» ብትል ግን ወዲያው ይለያያሉ። ለወታደር ብቻ የተሠራ፣ ለአገር ቤት ሕዝብ የተሠራ፣ ለሌላ አገር ሕዝብ የተሠራ። ቀልዱም፣ ፍርሃቱም፣ የቀለም ወጪውም እንደዚያው ይለያያል።

ለወታደር ከተሠሩት የ«ተራ ወታደር ስናፉ» ተከታታይ ካርቱን አቻ የለውም። ከ1943 እስከ 1945 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እያንዳንዱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የሆሊውዱ ዳይሬክተር ፍራንክ ካፕራ የጦር ሠራዊት ፊልም ክፍል ሲሆን፣ ከጻፉት አንዱ ቴዎዶር ጋይዝል (ዶክተር ስዩስ)፣ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ቸክ ጆንስ፣ ድምፁ ደግሞ ሜል ብላንክ ነው። ጨረታው ላይ ዲዝኒ ገጸ ባሕርዩን የግሉ አድርጎ ሊያስቀር ፈልጎ ነበር፤ ዋርነር ብራዘርስ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ አቅርቦ ወሰደው። ስሙ ራሱ «እንደተለመደው ሁሉም ነገር ተበላሽቷል» የሚል፣ በጨዋ አፍ ሙሉውን የማይነገር የወታደር አባባል ምኅጻር ነው። ሲቪል ስለማያየው የሆሊውድ ሥነ ምግባር ደንብ አይመለከተውም ነበር፤ ስድቡና ብልግናው የመጣው ከዚያ ነው።

አሠራሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስናፉ መመሪያውን ይጥሳል፣ ዋጋውን ይከፍላል። ይህ ቀላል ይመስላል ግን በደንብ የተሰላ ነው። መመሪያ አክባሪ ጀግና ቢያሳዩት ወታደሩ ያዛጋል፤ ሞኝ ቢያሳዩት ይስቃል፣ ሲስቅ «እኔ እንዲህ አላደርግም» ብሎ ራሱ ይፈርዳል።

የኦገስት 1943ቱን «ስፓይስ» ምረጥ። ስናፉ መርከቡ የሚነሳበትን ምስጢር ያውቃል፤ አንጎሉ በሰንሰለትና በቁልፍ ታስሮ ይታያል። ከዚያ አንዷን ቃል ስልክ ላይ፣ ሌላዋን መጽሔት መሸጫ አጠገብ፣ ሌላዋን ከመጠጥ በኋላ አጠገቡ ለተቀመጠች ሴት ይጥላል። አንዱም ቃል ብቻውን ምስጢር አይደለም። ሰላዮቹ ግን ከሕፃን ጋሪው ሥርም፣ ከግድግዳው ጀርባም እየለቀሙ ይገጣጥሙታል። መጨረሻው ባሕር ውስጥ፣ ከዚያ ሲኦል ነው፤ «ማነው የተናገረው?» ሲል መስታወት ይቀርብለታል። መረጃ በፍርፋሪ እንደሚያፈስ ከዚህ የተሻለ ያሳየ የሥልጠና ወረቀት ያለ አይመስለኝም።

ወባን በተመለከተ ሁለት ፊልሞች አጠገብ ላጠገብ አድርገህ ብታሳይ የ«ማን እንዲያየው» ነገር ቁልጭ ይላል። የ1944ቱ ስናፉ ከወባ ትንኝ ጋር የገጠመበት ካርቱን ለወታደር ነው፦ ትንኟ ራቁቱን ስትወጋው፣ አጎበሩን በትክክል ሳይዘረጋ፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ ሲገኝ ያሳያል። የ1943ቱ የዲዝኒ «ዘ ዊንግድ ስከርጅ» ደግሞ ለላቲን አሜሪካ ገበሬ የተሠራ ነው። ትንኟ እንደ ተፈላጊ ወንጀለኛ ማስታወቂያ ይወጣባታል፤ ሰባቱ ድንኮች ውኃ ላይ ዘይት ይረጫሉ፣ በርሜል ይከድናሉ፣ ኩሬ ይደፍናሉ፣ አጎበር ይሰፋሉ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ፦ ታዳሚው ድንኮቹን ሲያይ ተረት መጣ ብሎ ይዘጋጃል፣ ዘይቱ በምን መጠን እንደሚረጭ ልብ አይልም። ከዚያ በኋላ በተሠሩት የዚህ ዘርፍ የጤና ፊልሞች ድንኮቹ አልተመለሱም።

«ስቶፕ ዛት ታንክ» የሚባለውም (1942፣ ለካናዳ ጦር) ትምህርት አለው። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሂትለርን ታንክ ውስጥ አስገብቶ ያስቃል። ከዚያ ድንገት ወደ ሥራ ይገባል፦ 13.9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩሰው የቦይስ ፀረ ታንክ ጠመንጃ ውስጡ በአኒሜሽን ተገልጦ ይታያል፣ የጥይቱ አገባብ፣ የቃታው መያዣ፣ የቀለሃው መውጣት። የማይገለጠውን ብረት ገልጦ ማሳየት ካሜራ አይችልም። ለጥያቄህ ለመጀመሪያው ክፍል ቀጥተኛው መልስ ይኸው ነው። አስቂኙን መግቢያ ብቻ ቆርጠህ ካሳየህ ግን ፊልሙን ሐሰት ታደርገዋለህ።

ጠመኔ ጻፈ፦

ባለ እርሳስ እጅሽ ይባረክ፤ አጎበር አንተም። የ«ማን እንዲያየው» ክፍፍሉን ወስጃለሁ። አሁን ሦስተኛው ቀረኝ። እኔ ያሰብኩት «ዴር ፊውረርስ ፌስ»ን፣ ዶናልድ ዳክ በናዚ አገር የሚኖርበትን የዲዝኒ ካርቱን ነበር፣ ሁሉም ስለሚያውቀው። በጃፓን በኩልስ «የመጀመሪያው ረጅም አኒሜሽን» የሚባለው የ1943ቱ የሞሞታሮ ፊልም ይሆን?

ነጭ መጋረጃ መለሰ፦

አንድ እርማት አስቀድሜ ልስጥ። የማርች 1943ቱ «ሞሞታሮ ኖ ኡሚዋሺ» 37 ደቂቃ ብቻ ነው። ሙሉ ርዝመት አለው የሚባለው የኤፕሪል 12 ቀን 1945ቱ «ሞሞታሮ፦ ኡሚ ኖ ሺንፔይ» ነው፤ 74 ደቂቃ። ሁለቱንም የሠራው ሚትሱዮ ሴኦ ሲሆን ከኋላው ያለው የጃፓን ባሕር ኃይል ነው። በእስያ ደግሞ ከሁለቱም በፊት በ1941 ሻንጋይ ውስጥ የዋን ወንድማማቾች ረጅም ካርቱን አለ፤ ጃፓን ውስጥ በ1942 ታይቷል፣ ጃፓኖቹንም «እኛስ?» አሰኝቷል።

ሞሞታሮ ከኮክ ፍሬ ውስጥ የተወለደ የተረት ልጅ ነው፤ ውሻ፣ ጦጣና ወፍ አስከትሎ የአጋንንትን ደሴት ይወርራል። የ1943ቱ ፊልም ደሴቲቱን ፐርል ሃርበር ያደርጋታል። የጠላት መርከብ ላይ ጠርሙስ ጨብጦ የሚንገዳገደው ወፍራም ባሕረኛ በአሜሪካ ካርቱን የሚታወቀውን የፖፓይን ባላጋራ ብሉቶን ቁርጥ ነው፤ የጠላትን ካርቱን ሰርቆ ጠላትን መምታት።

ጊዜ ካለህ ግን ቆም የምትልበት የ1945ቱ ይሁን። አራት ቦታ እጠቁምሃለሁ።

አንደኛው የሱፍ አበባ የሚመስለው የሜዳ አበባ ዘር በነፋስ የሚበተንበት ነው። ነጫጭ ብናኞች እየተንሳፈፉ ሲወርዱ እረፍት ላይ ያለው ጦጣ አየር ወለዶች ሲዘሉ ይታየዋል። አንድም ጥይት የለም፣ አንድም ቃል አይሰበክም። ዘር በነፋስ መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ወረራውም እንደዚያው ይመስላል። በጠቅላላው ፊልም እጅግ ውብ የሆነው ቦታ እጅግ አደገኛው ነው።

ሁለተኛው የደሴቲቱ እንስሳት የጃፓንኛ ፊደል የሚማሩበት ዘፈን። መጀመሪያ ይንጫጫሉ፣ መምህሩ ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ ሙዚቃ ሲገባ «ኣ ኢ ኡ ኤ ኦ» እያሉ በአንድ ድምፅ ይዘምራሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ምግብ ያበስላሉ። ልጅ ሲያየው የትምህርት ቤት ጨዋታ ነው። በፊልሙ ውስጥ ግን የተያዘ አገር ሕዝብ ቋንቋውን ለውጦ ሲያገለግል እያየህ ነው።

ሦስተኛው በኬንዞ ማሳኦካ የተሠራው የጥላ ሥዕል ክፍል ነው። የአውሮፓ ቅኝ ገዢዎች ደሴቶቹን እንዴት እንደያዙ በጥቁር ቅርጽ ይተርካል። አሠራሩ የተለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሁን የሚነገረው «ታሪክ» ስለሆነ ከለስላሳ እንስሳቱ ዓለም መለየት ነበረበት።

አራተኛው መጨረሻው። መንደሩ ውስጥ ልጆች መሬት ላይ ካርታ ሥለዋል፤ ከዛፍ እየዘለሉ እንደ አየር ወለድ ካርታው ላይ ያርፋሉ። ካርታው አሜሪካ ነው።

አሁን ባለ እርሳስ ያነሳችው የጊዜ ነገር ጭካኔው እዚህ ይታያል። ፊልሙ የሚያከብረው በ1942 መጀመሪያ የተደረጉትን የሴሌቤስ (የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴት) ዘመቻና የሲንጋፖር እጅ መስጠት ነው። የወጣው ግን በ1945 ጸደይ ነው፤ ከተሞቹ እየነደዱ፣ ልጆቹ ከከተማ ወጥተው። ለልጅ የተሠራ ፊልም ልጅ የሌለበት ከተማ ደረሰ። ኦሳካ ውስጥ ባዶ በሚመስል ሲኒማ ካዩት ጥቂቶች አንዱ በኋላ ስመ ጥር የጃፓን ካርቱን ሠሪ የሆነው የ16 ዓመቱ ኦሳሙ ቴዙካ ነበር። ከዚያ ፊልሙ ጠፋ ተብሎ ቆይቶ በ1982 በፊልም ኩባንያው ሾቺኩ መጋዘን ውስጥ ተገኘ፤ የታደሰው ቅጂ በ2016 ታየ። ያንን ቅጂ ፈልግ፤ አሮጌው የቪዲዮ ቅጂ ላይ የአበባው ነጭ ከሰማዩ ጋር ተደባልቆ አይለይም።

ባለ እርሳስ መለሰች፦

ነጭ መጋረጃ ያለው ላይ ምንም አልጨምርም። ስለ «ዴር ፊውረርስ ፌስ» ግን (ጃንዋሪ 1 ቀን 1943፣ ስምንት ደቂቃ ገደማ፣ ኦስካር ያገኘ)፦ አትተወው፣ ነገር ግን ሂትለር ላይ ስላሾፈ አታሳየው። ጥንካሬው ሌላ ቦታ ነው።

የቁርሱን ትዕይንት ልብ በል። ዶናልድ ካዝና ከፍቶ አንዲት የቡና ፍሬ ያወጣል፤ በክር አስሮ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከር አድርጎ ይመልሳታል። የእንቁላልና የሥጋ ሽታ ከጠርሙስ አፉ ውስጥ ይረጫል። ዳቦውን በመጋዝ ይቆርጣል። ከዚያ ፋብሪካ ውስጥ ጥይት ሲያጠብቅ መሃል መሃል ላይ የሂትለር ሥዕል በመስመሩ ይመጣል፤ ለያንዳንዱ እጁን ማንሳት አለበት። ጥይቱ ትልቅ፣ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ እየሆነ ይፈጥናል፣ እጁም ማጥበቅና ሰላምታ መስጠት ይምታታበታል። ቀልዱ የተሠራው በፍጥነት ነው። ሰዓት ይዘህ ሥዕሉ በየስንት ሰከንዱ እንደሚያልፍ ቁጠር፤ ዶናልድ እስኪያብድ ድረስ እየጠበበ ይሄዳል።

ስሙም መጀመሪያ ይህ አልነበረም፤ ዘፈኑ ከፊልሙ ቀድሞ በሸክላ ወጥቶ ስለገነነ ፊልሙ የዘፈኑን ስም ወሰደ።

ሸክላ መለሰ፦

«ካርቱን ዜና መሸከም አይችልም» የሚለው ላይ አልስማማም፤ ሴል (ባለ እርሳስ ያለችውን ግልጽ ሴሉሎይድ) የሚጠቀም ካርቱን አይችልም ብንል ይሻላል። ካናዳ ውስጥ አኒሜተሩ ኖርማን ማክላረን ካሜራውን ጨርሶ ተወው። በ1941 «ቪ ፎር ቪክትሪ»ን በቀጥታ 35 ሚሊ ሜትር ግልጽ ፊልም ላይ በቀለምና በእስክሪብቶ ሣለው፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ የቁጠባ ማስታወቂያ። አንድ ሰው፣ ሴሉሎይድ የለ፣ ቀቢ የለ፣ የካሜራ ቤት የለ። ችግሩ አንዱን ፍሬም ከሌላው ጋር በትክክል ማሳረፍ አለመቻሉ ነው። የምትሥልበት ቦታ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የግማሽ ሚሊ ሜትር ስሕተት መጋረጃ ላይ መዝለል ይሆናል። ስለዚህ መንቀጥቀጡን ደስታ የሚያስመስሉ በጥቂት መስመር የተሣሉ ሰዎችና ፊደሎች መረጠ። ለሂትለር ፊት አይሆንም፣ ለሚሰለፍ «ቪ» ፊደል ግን ልክ ነው።

ሶቪየቶችም እንደዚሁ። በ1936 የተመሠረተው ሶዩዝሙልትፊልም በ1941 ያወጣቸው አጫጭር ፊልሞች የሚንቀሳቀስ ፖስተር ናቸው፤ ወፍራም መስመር፣ ባዶ ጀርባ፣ ጥቂት እንቅስቃሴ። ከዚያ ስቱዲዮው ወደ ሳማርካንድ ተዛወረ፤ ሞስኮ የተመለሰው በ1943 ነው።

የጀርመኖቹ ተቃራኒ ነው። የናዚ ፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ በ1941 ዲዝኒን የሚስተካከል ኩባንያ አቋቋመ። ያ ኩባንያ አጠናቆ ለሕዝብ ያቀረበው አንድ ፊልም ነው፤ የ1943ቱ «አርመር ሃንሲ»፣ ከጎጆው አምልጣ ዓለምን አይታ የምትመለስ ወፍ። ጦርነት የለበትም። ፕሮፓጋንዳ ስትመርጥ የ1940ውን «ዴር ሽቶረንፍሪድ» ውሰድ፤ የሌላ ስቱዲዮ ሥራ ነው። ጃርቶች የብረት ቆብ ያደርጋሉ፣ ተርቦች በቡድን ቁልቁል ይወረወራሉ፣ ድምፃቸውም የተወርዋሪ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ነው። ቀበሮው ማን እንደሆነ አይነገርም። ሊነገር አያስፈልግም፤ ድምፁ ብቻ ይበቃል።

አንድ የሚዘለል የማይመስለኝ የቪሺ ፈረንሳይ (ከጀርመን ጋር የተባበረው መንግሥት) ፊልም አለ፤ የ1944ቱ «ኒምቡስ ሊቤሬ»፣ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ። የፈረንሳይ ቤተሰብ ሬዲዮ ከፍቶ ነጻ አውጪዎችን ይጠብቃል። በሰማይ የሚመጡት አብራሪዎች ሚኪ፣ ዶናልድ፣ ፖፓይ ናቸው። ቦምቡ ቤቱ ላይ ይወርዳል። ሬዲዮ ላይ የሚናገረው ሰው የተሣለው በግልጽ ፀረ አይሁድ በሆነ መልክ ነው፤ ይህን ሳታስጠነቅቅ አታሳይ።

አጎበር መለሰ፦

ሸክላ ያነሳው ማስጠንቀቂያ ለአሜሪካኖቹም ይሠራል። ጀርመንን ሲስሉ ሂትለርን፣ ጎሪንግን፣ ጎብልስን ይስላሉ፤ ሰውዬው ላይ ይሾፋል። ጃፓንን ሲስሉ ግን ሕዝቡን ሁሉ አንድ ፊት ያደርጉታል፣ መነጽርና ጥርስ። የ1944ቱ ባግስ በኒ ጃፓኖች ላይ የዘመተበት ካርቱን በ1990ዎቹ በቪዲዮ ወጥቶ ከተቃውሞ በኋላ ከገበያ ተነስቷል። ሙሉውን ማጫወት አያስፈልግህም፤ ከሁለቱ ዓይነት ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ አጠገብ ላጠገብ ብታደርግ ልዩነቱ ይታያል።

ቁጥር ሁለት መለሰ፦

ስለ ይዘቱ የተባለው በቂ ነው፤ እኔ ስለ ቅጂዎቹ ብቻ ልናገር፣ ማሳያ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ፍሬም በፍሬም ላሳይ ካልክ መጀመሪያ ፋይሉ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ እይ። 24 ወይም 23.976 ከሆነ ደህና ነው። 25 ከሆነ ፊልሙ አራት በመቶ ገደማ ፈጥኗል፤ ድምፁም ሊቀጥን ይችላል፣ የባለ እርሳስ የሰከንድ ቆጠራም አይሠራም። ወደ 30 የሚጠጋ ከሆነ አራቱ የፊልም ፍሬም ወደ አምስት ተዘርግቷል። ስታቆመው ሁለት ሥዕል የተደራረበበት የሙት መንፈስ የሚመስል ፍሬም ታገኛለህ። ያንን አይቶ «ዲዝኒ እንዲህ ያደበዝዙ ነበር» ብሎ የሚያስረዳ አይጠፋም። መጀመሪያ ወደ 24 የሚመልስ ማጣሪያ አሳልፈው።

ሁለተኛ፣ ጥቁርና ነጭ ሆነው የተሠሩ የዋርነር ካርቱኖች በኋላ ለቴሌቪዥን እንደገና ተሥለው ባለ ቀለም ተደርገዋል። በዚያ ጊዜ እንቅስቃሴው ተቀንሷል፣ መስመሩ ወፍሯል፣ የጀርባው ሥዕል ተለውጧል። በ1943 የተሠራ ቀለም ያለው የዳፊ ዳክ ካርቱን ካየህ መጀመሪያውኑ ጥቁርና ነጭ እንዳልነበረ አረጋግጥ። ስናፉን ደግሞ ቀለም ተቀብቶ ካገኘኸው አትጠቀምበት።

ሦስተኛ፣ የብርሃን መርገብገብ። አንዳንድ ጊዜ ጀርባው ድንገት ትንሽ ጨለም ብሎ ይመለሳል። ይህ የቅጂው ጉዳት ላይሆን ይችላል። ሴሉሎይድ ሲደራረብ ከሥር ያለውን ያጠቁራል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ንብርብር ሲጠቀሙ አንዱ ገጸ ባሕርይ ከትዕይንቱ ሲወጣ ባዶ ሴል በቦታው ይተካሉ። መተካቱ ከተረሳ ጀርባው ያበራል። ሴሉ ታጥቦ እንደገና ከተሠራበት ደግሞ ጭረቱ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የፊልሙ ጭረት ግን ቀጥ ብሎ ከላይ ወደታች ይወርዳል። ሁለቱን ካየሃቸው ለይተህ አሳይ፣ ስለ ጦርነት ጊዜ የቁሳቁስ እጥረት ከገለጻ በላይ ይናገራል።

አራተኛ፣ ሥዕሉ ስፋቱ ከቁመቱ 1.37 እጥፍ ነው። ሰፊ መጋረጃ እንዲሞላ ከለጠጥከው ዶናልድ ይወፍራል፤ ከቆረጥከው ደግሞ በ«ስፓይስ» ውስጥ ከላይ የተደበቁት ሰላዮች ከነጆሯቸው ይጠፋሉ። ግራና ቀኙን ጥቁር አድርገህ ተወው።

ስለ ቅደም ተከተል አንድ ነገር ብቻ፦ «ኒምቡስ»ን ከ«ዴር ፊውረርስ ፌስ» ቀጥሎ፣ መብራት ሳታበራ፣ መሃል ላይ ሳትናገር አጫውተው። ዶናልድ በመጀመሪያው የነጻነት ሐውልት አቅፎ ይጨርሳል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ በሁለተኛው ቦምብ ጭኖ ይመጣል።

ጠመኔ ጻፈ፦

ቁጥር ሁለት፣ የኔ «ስፓይስ» ፋይል 29.97 ነው ለካ። አሁን ገባኝ ያ ድርብ ሥዕል ከየት እንደመጣ። የማኬይን ፊልም በስንት ፍጥነት ላጫውተው? ድምፅ አልባ ስለሆነ 24 አይመስለኝም።

ቁጥር ሁለት መለሰ፦

ልክ ነህ፣ የድምፅ አልባ ዘመን ፍጥነት አንድ ወጥ አልነበረም። አሥራ ሁለት ደቂቃ አካባቢ የሚሆን ቅጂ ካለህ አትንካው። ከስምንትና ዘጠኝ ደቂቃ በታች ከወረደ ወይ ፈጥኗል ወይ ተቆርጧል። ለመለየት ጽሑፍ ያለባቸውን ካርዶች ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው፤ አንብበህ ሳትጨርስ የሚያልፉ ከሆነ ፍጥነቱ ነው፣ ካርዶቹ በቂ ጊዜ እየቆዩ ፊልሙ ካጠረ ግን አንድ ቁራጭ ጎድሎታል።